ከፈተናው በፊት እንዳይነገር

ኻርቱም፣ ዴም
ጥቅምት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሬሕማ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመሻል? አጎትሽ ይማምስ ወገቡን ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዛሬማ ከደህናም ደህና ነኝ። ልደውል ብዬ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ ሁለታችንም እናለቅስና ካርዱ ያልቃል፤ ደብዳቤ ይሻላል።

አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ምስራች ከምንዳዬ አፍ ይሰማል? ቅመም ነጋዴው ምንዳዬ ትናንት ከአገር ሲገባ ዕቃውን ሱቅ ዐረቢ እንኳ ሳያራግፍ ቀጥ ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። «ዘሊካ፣ ልጅሽን ቢስቲማ ላይ በዓይኔ አየኋት» አለኝ። «ሻንጣና ብርድ ልብስ ይዛ፣ ከጓደኞቿ ጋር አውቶብስ ተሳፍራ ደሴ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ። እናቶች እያለቀሱ ይሸኛሉ፣ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ፖሊስ ሳይቀር አጅቧቸዋል!» አለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። እልልታዬን የሰማችው ራሔል፣ ታች ቤት ምግብ የምትሸጠዋ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ፖሊስ ኢቃማ፣ ያው የመኖሪያ ወረቀት፣ ሊጠይቅ የመጣ መስሏት ነበር።

እዚህ አገር ልጅ ሸሃዳ ሲያልፍ፣ ሸሃዳ የሚሉት የእኛን የአሥራ ሁለተኛ ፈተና ነው፣ ቤተሰቡ ለጎረቤት ሐላዋ ያድላል። እኔስ ከማን አንሼ! ለዴም ሰው ሁሉ አደልኩ። የሪክሻ ነጂዎች እንኳ አልቀሩም።

ባለፈው ደብዳቤሽ «ካልሆነልኝ እዚያ መጥቼ መሥራት እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልስ ያዘገየሁት ልቤ ስላልቻለ ነው። ማዳም ሱዓድ ለእህቷ ቤት ሠራተኛ ትፈልግ ስለነበር፣ ብትወድቂ ለአንቺ ብዬ ቦታውን አስይዤልሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዐማራት ሠፈር ሥራዬ እንደገባሁ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ አትመጣም፤ ሌላ ይፈለግ» አልኳት። «ማብሩክ፣ ያ ዘሊካ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ። በዚህ ቤት ስሠራ ታቅፌ አላውቅም።

አሁን ንገሪኝ። ምን ትማሪያለሽ? አልጋሽ ምን ይመስላል? ምን ያበሏችኋል?

እናትሽ ዘሊካ


ቢስቲማ
ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፦

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። አጎቴ ይማም ወገቡን ተሽሎታል፤ ሰላም ብሎሻል።

እማዬ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ይቅር በይኝ። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ሕጉ ተለውጦ ነው እንጂ። አንቺ እያለሽ ተማሪ የሚፈተነው በገዛ ትምህርት ቤቱ ነበር። ፈተናው እየተሰረቀ፣ መልሱ በስልክ እየተበተነ አስቸገረ፤ ስለዚህ ዘንድሮ ሁላችንንም በአውቶብስ ጭነው ዩኒቨርሲቲዎቹ ውስጥ አስገብተው ፈተኑንና መልሰው አመጡን። ምንዳዬ አልዋሸም፤ ስንሄድ አይቷል። ስንመለስ ግን እሱ መተማ ደርሶ ነበር።

አልጋው ምን ይመስላል ላልሽኝ፣ ተደራራቢ ነው፤ እኔ ላይኛው ላይ ተኛሁ፤ እወድቃለሁ እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምግቡ ሩዝ ይበዛዋል። በር ላይ ሻሻችንን አስፈትተው፣ የጸጉራችንን ጉንጉን ሳይቀር ፈትሸው ነው ያስገቡን። ቤተ መጻሕፍቱን በመስኮት አየሁት። መጽሐፍ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል፤ ለተፈታኝ ግን ዝግ ነው አሉን።

ፈተናው እንዴት ነበር ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ያለፍኩ መስሎሽ ነዋ። እንግሊዝኛው ደህና ነው። ኬሚስትሪን መምህር ተውፊቅ በደንብ አስተምሮናል። ፊዚክስ ግን አብዛኛውን ዓመት መምህር አልነበረንም፤ በጦርነቱ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመውንም ታውቂያለሽ። ውጤቱ ገና ነው።

እማ፣ ለማዳም የነገርሻትን መመለስ ትችያለሽ? እባክሽ ያን በር ጨርሰሽ አትዝጊብኝ።

ልጅሽ ሬሕማ


ኻርቱም፣ ዴም
ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ፦

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው። እኔ ግን አፍስሼ መልቀምም አቃተኝ። ሐላዋው ተበልቷል፤ የዴም ሰው ስሜን ለውጦ «ኡሙ ዶክቶራ» ይለኛል፣ የዶክተሯ እናት ማለታቸው ነው። ምን እንደምትማሪ ሳልነግራቸው ትምህርቱን ራሳቸው መርጠውልሽ ሐኪም አድርገውሻል። ራሔልን ምን ላድርግ ብላት «ዝም በይ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ማን ያውቃል? አልፋ ብትገኝ ውሸትሽ እውነት ይሆናል» አለችኝ። ሰማኋትና ዝም አልኩ።

ስለ ቦታው ላልሽኝ፣ ማዳም ሌላ ሠራተኛ ይዛለች። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚ አይደለም።

ስለ ሂሻም ልንገርሽ። የማዳም ልጅ ሸሃዳውን አልፏል፤ ሕክምና ለመግባት ግን ትንሽ ነጥብ ጎደለችው። ልጄ፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነልሽ! ሰው «አላህ ያጽናችሁ» ለማለት ይመጣል፤ እኔ ሻይ አቀርባለሁ፤ ልጁ በሕይወት ላይኛው ፎቅ ተቀምጦ። አባቱ ከሱ ጋር ገበታ መቅረብ ትቷል። በሰኔ እንደገና ይፈተናል ተብሎ አንዱ አስጠኚ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ትራሱን ሳነጥፍ የተነቀለ ጸጉር አገኛለሁ፤ በእጁ እየነቀለ ነው። በዚህ ቤት ምን ጎደለ? መብራት አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ለየትምህርቱ መምህር አለ። እናም ልጁ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን አክስቴ ብሎ ጠርቶኝ «ያ ኻልቲ ዘሊካ፣ ልጅሽ እንዴት ብታጠና ነው ያለፈችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል? «በኩራዝ» አልኩት። አፈርኩ፤ እሱ ግን አንገቱን ነቅንቆ ኩራዝ ምን እንደሆነ አስረጂኝ አለኝ።

ውጤቱን እንዳወቅሽ ጻፊልኝ። ዱዓ ላይ ነኝ።

እናትሽ ዘሊካ


ቢስቲማ
የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእናቴ፦

እንደምን አለሽልኝ? መጻፍ ያቆየሁት ታምሜ አይደለም፤ አጎቴን ደጋግመሽ አትጠይቂው፤ ዝም በል ብዬው ነው።

ውጤቱ በጥር መጨረሻ መጣ። አላለፍኩም። ከትምህርት ቤታችን ያለፈ አንድም ሰው የለም። በአገር ደረጃ ያለፈው ከመቶ ተማሪ ሦስቱ ገደማ ነው አሉ። በማግስቱ መምህር ተውፊቅ ሰልፍ ላይ ወጥቶ «ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ፤ የወደቅኩትም እኔ ነኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ። መምህር ሲያለቅስ ማየት ከውጤቱ ይብሳል፣ እማ። መልሰን እንፈተናለን ለሚሉ ቅዳሜና እሑድ ሊያስጠና ቃል ገብቷል። እኔ አልተመዘገብኩም።

ለምን ብለሽ ትቆጪ ይሆናል። የዐሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት በአንድ ሳምንት ይለካል ወይ? ያልተማርኩትን ፊዚክስ ጠይቀው ወደቅሽ ሲሉኝ፣ የወደቀው እኔ ነኝ ወይስ መምህር ያልላኩልኝ ሰዎች? ሀኒፋ ከክፍላችን አንደኛ ነበረች። እሷም ወደቀች፤ አሁን ደላላ አግኝታ ፓስፖርት አውጥታለች፤ በመተማ ልትወጣ ነው። አብሬያት ልምጣ። የማዳም እህት ባትሆን ሌላ ቤት አይጠፋም።

ከሁሉ የከበደኝን ልንገርሽ። ውጤቱን ስልክ ላይ ሳየው መጀመሪያ የታወሰችኝ ያቺ እዚያ ዴም ውስጥ ያለችው ዶክተር ናት። አንቺ የፈጠርሻት። እኔ ስወድቅ እሷ ቆማ ታየኛለች። ያላገኘሁትን ስም ተሸክሜ ሁለተኛ ፈተና አልገባም። ድፍረት ከሆነብሽ ይቅር በይኝ፤ ግን እውነቴን ነው።

ሬሕማ


ኻርቱም፣ ዴም
መጋቢት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን። ድፍረት አይደለም፤ ልክ ነሽ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ራሔል ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ዓርብ ነበር፤ ሰው ሞልቷል። አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩትና ተነሥቼ ቆምኩ።

«ሰዎች ስሙኝ» አልኩ። «ልጄ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ልትፈተን ሄዳ ነው፤ እኔ ሳላጣራ አወራሁ። ተፈትናም ወድቃለች። ከእንግዲህ ኡሙ ዶክቶራ እንዳትሉኝ፤ የሬሕማ እናት ነኝ።»

ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠው አያሌው፣ ያ ልብስ ሰፊው፣ ጎንደሬው ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «የእኔም ልጅ ወድቋል፤ ይኸው ለሚስቴ ወንድም እንኳ አልተናገርኩም» አለ። አንዲት የባቲ ሴት «የእኔም» አለች። ሌላዋ ቀጠለች። ለካ ዴም ግማሹ የወደቀ ልጅ ደብቆ ነው ሐላዋዬን የበላው! ራሔል ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች። ያን ቀን የበላነውን ክፈሉ አላለችንም።

ስሙን አንሥቼልሻለሁ። ስለ ሐሜቱ አታስቢ፤ ለእኔ ተይው።

አሁን ስለ መምጣትሽ። አትመጪም። ለሀኒፋ አላህ ይሁናት፤ አንቺ ግን አትመጪም። ፈተናው ደግ ነው አልልሽም። መምህር ያልላኩለትን ልጅ መልስ አምጣ ማለት ግፍ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር የተሟላለት ሂሻም እንኳ በፈተና ምክንያት ጸጉሩን ሲጨርስ እያየሁ ደግ ነው ብል ውሸታም ነኝ። እኔም በአፌ በአንቺ ላይ ያንኑ ጫንኩብሽ።

ግን አንድ ነገር ስሚኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጓደኞቼ ሚኒስትሪ ሊፈተኑ ሲሰለፉ እኔ ሙሽራ ነበርኩ። ማንም አልፈተነኝም፤ ማንም ወደቅሽ አላለኝም። አንቺ የፈተናን ክፋት አየሽ፤ እኔ ያለመፈተንን ነው ያየሁት። በዚህ ከተማ የማንኳኳው በር ሁሉ «የማን ሰው ነሽ? ኢቃማሽ የታለ? ማን ይዋስሻል?» ይለኛል። ያ የፈተና አዳራሽ ሻሽሽን ያስፈታሻል እንጂ የማን ልጅ ነሽ አይልሽም። ያዋረደሽ ፍተሻ የባለጸጋውንም ልጅ ስልክ ቀምቷል። እኩል ያልሆነው ከአዳራሹ ውጭ ያለው ነው፤ ለሱ ደግሞ መምህር ተውፊቅ አለልሽ። ያለቀሰ መምህር ስታገኚ ትለቂዋለሽ ወይ?

ሂጂና ተመዝገቢ። ይማም ከሱቁ ሥራ እንዲያሳርፍሽ ጽፌለታለሁ። ብትወድቂም ልጄ ነሽ፤ ሦስተኛም ተፈተኚ። ኻርቱም ግን የለም።

እናትሽ ዘሊካ


ኻርቱም፣ ዐማራት
ሰኔ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ፦

አሰላሙ ዐለይኩም። የላክሽው መልእክት በሰው በሰው ደርሶኛል። ኔትወርክ ስለሌለ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ሬድዮ የሚያወራውን ሁሉ አትስሚ። በረመዳን መጨረሻ ጦርነት መጀመሩ እውነት ነው፤ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነውና ብዙ ሰው ወጥቷል። እኔ ያለሁበት ሠፈር ጸጥ ያለ ነው።

ማዳምና ቤተሰቡ ግብጽ ሄደዋል። ሂሻም መጻሕፍቱን ሁሉ ትቶ ወጣ። የሰኔው ሸሃዳ ቀርቷል፤ ፈታኝም ተፈታኝም የለም። ሲሰናበተኝ «ያ ኻልቲ፣ ልጅሽ ግን ትፈተን» አለኝ። ለካ እውነቱን ከነገርኳቸው ጀምሮ የአንቺን ነገር ሲከታተል ነበር።

ለምን ከምንዳዬ ጋር አልመጣሽም ላልሽኝ፣ የማዳም ቤት ቁልፍ በአደራ እጄ ላይ ስለሆነ ነው። አደራ ጥሎ መሄድ አይሆንም። ጽሕፈቴ የተበላሸው ጠረጴዛ ስለሌለኝ ነው። መተማ መጥቼ እፈልግሻለሁ ያልሽውን ደግሞ እንዳልሰማሁ ልቁጠረው። ፈተናሽ ሐምሌ ላይ ነው። ከቢስቲማ ንቅንቅ ብትዪ አልምርሽም።

ምንዳዬን ብዙ አትጠይቂው፤ መንገድ አድክሞታል።

እናትሽ


ቢስቲማ
ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእናቴ ለዘሊካ
ጎንደር፦

እንዴት ነሽ እማዬ? እግርሽ እንዴት ነው?

አዎ፣ አውቄያለሁ። ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ። ፈተናውን ጨርሰን ከአውቶብስ ስንወርድ አጎቴና ምንዳዬ ቆመው ጠበቁኝ። የአጎቴ ፊት ተለውጦ ነበር፤ ምንዳዬ ደግሞ እንኳን ምስጢር ቅመም እንኳ ደብቆ አያውቅም። ሁሉንም ነገረኝ። ዴም ላይ ፍንጣሪ እግርሽን እንደመታሽ፣ ራሔል በጋሪም በጭነት መኪናም ጭና መተማ እንዳደረሰችሽ፣ ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ ጎንደር ሆስፒታል እንደተኛሽ። «ኻርቱም፣ ዐማራት» ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ የተጻፈው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ቁልፍም የለም፣ አደራም የለም።

በማግስቱ ልሳፈር ስል መንገዱ ተዘጋ። ሰሞኑን መንገድ ሲከፈት ነው ይህን የምልክልሽ። በእነዚህ ወራት ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? አንቺ እዚያ ስታቃስቺ እኔ እዚህ የብርሃንን ፍጥነት ስሸመድድ ነበር። ያንን ማን ይመልስልኛል? እማ፣ ፈተና ከአንቺ አይበልጥም። አይበልጥም። እንዲህ ከሆነ ሂሻምን ገበታ ከከለከለው አባት በምን ተለየሽ?

ተናደድኩብሽ። አሁንም ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ውጤቱን ጠይቀሽኛል። ግማሹን አልሞላሁም፤ ግን ለረሚዲያል በቅቻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ለወራት ተምረን በመጨረሻ እንፈተናለን፤ ያለፈ አንደኛ ዓመት ይጀምራል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ። ጅማ ደርሶኛል። መምህር ተውፊቅ ካስጠናን መካከል ጸሐይወርቅ ሙሉ በሙሉ አልፋለች፤ ትምህርት ቤቱ ያለፈ ሰው አገኘ! መምህሩ ሲያቅፋት መነጽሩ ወድቆ ተሰበረ። ፊዚክስ ዘንድሮ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ወደድኩት፤ ይህን ልደብቅሽ ነበር፣ ግን ከእንግዲህ ድብብቆሽ ይብቃን።

ስለዚህ ጅማ እሄዳለሁ፤ የምሄደውም ፈልጌ ነው። በአንድ ነገር ግን ቃል ግቢልኝ። ብትታመሚ፣ ቢብስብሽ፣ የፈተናው ዋዜማም ቢሆን ትነግሪኛለሽ። ዳግመኛ ፈተና አላት ብለሽ ብትደብቂኝና ብደርስበት፣ ወላሂ የመልስ ወረቀቱን ባዶውን አስረክቤ እወጣለሁ።

እትዬ ራሔልን እግሯን ስሜያለሁ በይልኝ።

ልጅሽ ሬሕማ


ጎንደር
ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሕማ
ጅማ፦

አሰላሙ ዐለይኩም፤ እንዴት ነሽልኝ? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የራሔል ወንድም ቃለአብ ነው፤ ለሥራ ወደዚያ ስለሚሄድ በእጇ ስጣት ብዬዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ድምፄ እንቢ አለኝ።

ፈተናሽ የፊታችን ሰኞ እንደሆነ አውቃለሁ። ይማም ደውሎ «ከፈተናው በፊት እንዳይነገራት» ብሎ ለመነኝ። ራሔልም ተቆጣችኝ። እኔ ግን ቃል ገብቼልሻለሁ፤ ሦስታችንም ዋሽተንሽ ያተረፍነው ነገር የለም።

አጥንቱ አልገጠመም። ለአንድ ዓመት ይድናል ሲሉኝ ኖሩ፤ አሁን ቁስሉ ወደ ላይ እየሄደ ነው። ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ በትሕትና ነው የነገረኝ። አልቅሼ ጨርሻለሁ። ብቆይ እንደሚብስብኝም ነግሮኛል፤ ስለዚህ ቁረጡት ብዬ ፈርሜያለሁ።

ቀኑ ያው ሰኞ ነው፣ ጠዋት። ሌላ ቀን አድርጉልኝ ብዬ ነበር፤ ቦታ የለም አሉኝ።

ልምጣ ብትዪ አልከለክልሽም፤ አልቆጣሽምም። ምርጫው የአንቺ ነው፤ ፈተና ከእኔ እንደማይበልጥ አንቺው አስተምረሽኛል። እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር ግን ልንገርሽ፦ እገባ ነበር። ራሔል እጄን ይዛ እስከ በሩ ትሸኘኛለች፤ ብቻዬን አይደለሁም። አታስቢኝ አልልሽም፤ እያሰብሽኝ ሥሪ። እኔም ማደንዘዣው እስኪወስደኝ ድረስ የምታውቂው ጥያቄ እንዲመጣልሽ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት አንቺም ግቢ፤ እኔም እገባለሁ።

እናትሽ ዘሊካ